ድራምን ከመምህር እግር ሥር መማር

ከሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን የሚያስደስት፣ በዚያው መጠንም የሚያታልል መሣሪያ ቢኖር ድራም ነው። ማሲንቆ ወይም ቫዮሊን የሚጀምር ሰው አንድ የጠራ ድምፅ ለማውጣት ሳምንታት ሲፈጅበትና ቤተሰቡም የጭረቱን ድምፅ ችሎ ሲያሳልፍ፣ ድራም የሚጀምር ሰው ግን እንጨቱን አንሥቶ ባወረደበት ቅጽበት መሣሪያው ሙሉ ድምፁን ይሰጠዋል፤ ጥቂት ቀን ከቆየም ከሬዲዮ ከሚሰማው ዘፈን ጋር የሚሄድ የሚመስል ምት ያስኬዳል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቫዮሊን በተሳሳተ ጣት ሥር ሲጮኽ ድራም በተሳሳተ እጅ ሥርም ይታዘዛልና፣ የተሳሳተው እጅ ዋጋውን የሚከፍለው ውሎ አድሮ፣ ፍጥነት ሲጠየቅ ወይም የእጅ አንጓ መታመም ሲጀምር ነው። የድራም ትምህርት ሁሉ በስልክ መስኮት ላይ በነፃ በሚገኝበት በዚህ ዘመን የግል መምህር ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄም መልስ የሚያገኘው፣ ተማሪው በራሱ ላይ ሊያየውና ሊሰማው የማይችለው ነገር ምን እንደሆነ ሲመረመር ነው። የዚህ ዲስኩር ክርክር አንድ ነው፦ በድራም ትምህርት ታሪክ ትልቅ ስም ያተረፉት መጻሕፍት ገጻቸው ባዶ ሊባል በሚችል መልክ የተጻፉ ናቸው፤ የጎደላቸውንም የሚሞላው ከተማሪው ጎን የሚቀመጠው ሰው ነው።

መሣሪያው ራሱ ረጅም ዕድሜ የለውም። በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል። በአሜሪካ የማርሽና የቲያትር ቡድኖች ውስጥ ቤዝ ድራም የሚባለውን ትልቁን ከበሮ አንድ ሰው፣ ከታችኛው ቆዳው ሥር በተወጠሩ ሽቦዎች የተነሣ ጫጫ የሚል ድምፅ ያለውን ስኔር የተባለ ትንሽ ከበሮ ሌላ ሰው፣ ሲምባል የሚባሉትን የናስ ሳህኖችም እንዲሁ ሌላ ሰው መምታቱ የተለመደ ነበር። በ1909 ዊልያም ሉድቪግ የተባለው የቺካጎ ከበሮ መቺና ነጋዴ በእግር የሚረገጥ ፈጣን የቤዝ ድራም ፔዳል በስሙ ካስመዘገበ በኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ የብዙዎችን ሥራ መሥራት ቀለለው፤ በ1920ዎቹም በግራ እግር የሚከፈቱና የሚዘጉት፣ ሃይ ሃት የሚባሉት ጥንድ ሲምባሎች ከመሬት አጠገብ ተነሥተው እጅ በሚደርስበት ከፍታ ቆሙና ስብስቡ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ያዘ። ሁለት እጅና ሁለት እግር የየራሳቸውን መስመር እየተከተሉ በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ይህ መሣሪያ የተወለደው በዳንስ አዳራሽና በቲያትር ቤት በመሆኑ፣ የክላሲካል ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች እንደ ሙሉ መሣሪያ ተቀብለው ለማስተማር ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። እስከዚያ ድረስ እውቀቱ የኖረው በሙዚቃ ዕቃ መደብሮች ጓሮ፣ በግል የማስተማሪያ ክፍሎችና በመምህራን ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ የግል መምህር በድራም ዓለም ያለው ቦታ ከሌሎች መሣሪያዎች የሚበልጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

መምህር ዘንድ የሚቀርብ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ሙሉው ድራም ላይ ወዲያው መቀመጥን ነው፤ ጥንቁቅ መምህር ግን የሚያስቀምጠው ፓድ ከሚባለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ የጎማ መለማመጃ ፊት ነው። በመጀመሪያ የሚመረመረው አያያዝ ይሆናል። እንጨቱ ከአውራ ጣትና ከአመልካች ጣት መካከል የሚያርፍበት፣ እንደ ምሶሶ ሆኖ የሚያዞረው ነጥብ ፉልክረም ይባላል፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች እንጨቱን ይከተሉታል እንጂ አይጨብጡትም። መምህሩ ተማሪው የያዘውን እንጨት ጫፉን በጣቱ ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፤ እጁ ዘና ያለ ከሆነ እንጨቱ ፓዱ ላይ ወድቆ ደጋግሞ እየነጠረ፣ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ይቆማል፤ እጁ ከጨበጠ ግን አንድ ጊዜ ወይም ሁለቴ ጠቅ ብሎ ይሞታል። ተማሪው በዚህች ቅጽበት ሳያውቀው እየጨበጠ እንደነበር ይገነዘባል፤ ምክንያቱም ከልጅነት ጀምሮ የለመደውን ውጥረት ራሱ ሊሰማው አይችልም፣ ውጥረቱ ለእርሱ የእጁ ተፈጥሮ ነው። ከዚያ በኋላ መምህሩ ዓይኑን ከእንጨቱ ላይ አንሥቶ ወደ ተማሪው ትከሻ ያዞራል፤ ተማሪው ፍጥነት ለመጨመር ሲሞክር ትከሻው ወደ ጆሮው መውጣቱን፣ ትንፋሹንም መያዙን የሚያየው በትንሽ መስኮት ውስጥ ሆኖ የሚያስተምር ሰው ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ነው።

ነጥሮ መመለስ የድራም ጥበብ ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንጨቱ ቆዳውን ከመታ በኋላ የሚመለሰው በራሱ ኃይል ነው፤ ያልተማረ እጅ ግን ይህን ነፃ ጉልበት ይገድልና እንደገና በጡንቻው ያነሣዋል፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይህ በብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ክንድ ይደነድናል። በዚህ ጉዳይ ላይ ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሣው አሜሪካዊው መምህር ሳንፎርድ ሞለር ነው። ሞለር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ከበሮ ይመቱ የነበሩ አረጋውያን ከወጣቶቹ የበለጠ ጉልበት ያለውን ድምፅ ያለ ድካም ሲያወጡ አይቶ እንቅስቃሴያቸውን አጠና፤ በ1925 ባሳተመው የስኔር ድራም መጽሐፍም አሰፈረው። እንቅስቃሴው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ የሚያጮኽ ልጅ እጁ ቀድሞ ሲመለስ የጅራፉ ጫፍ ዘግይቶ እንደሚከተልና ጩኸቱ የሚወጣው ከዚያ መዘግየት እንደሆነ ሁሉ፣ በሞለር አመታትም አንጓው ቀድሞ ይነሣል፣ የእንጨቱ ጫፍ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይከተላል፣ ከዚያም ክንዱ ሲወርድ ጫፉ ተወርውሮ ይመታል። ታዋቂው የስዊንግ ዘመን ድራመር ጂን ክሩፓ ከሞለር ተምሯል፤ ጂም ቻፒንም እንዲሁ ተምሮ በ1948 ለጃዝ ድራመሮች እጅና እግርን ስለ መለያየት አንድ መጽሐፍ ጽፏል። ይሁንና የሞለር መጽሐፍ ብቻውን ማንንም ሞለራዊ አላደረገም፤ በሥዕል ላይ የተገታ እጅ እንቅስቃሴን አያሳይምና፣ ስልቱ ከሰው ወደ ሰው የተሻገረው በተማሪዎቹ እጅ ነው።

ከአያያዝ ቀጥሎ የሚመጡት ሩዲመንት የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህም የቀኝና የግራ እጅ ምቶች በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚደራጁባቸው አጫጭር የምት ቃላት ሲሆኑ፣ መነሻቸው የወታደር ከበሮ ነው። በ1933 በቺካጎ የተሰባሰቡ አሜሪካውያን መምህራን 13 ሩዲመንቶችን የግድ ሊታወቁ የሚገባቸው ብለው መረጡ፤ ዝርዝሩ በኋላ ወደ 26 አደገ፤ በ1984 ደግሞ የምት መሣሪያ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር 40 አድርጎ አወጣቸው። ከሁሉም ይልቅ የሚታወቀው ፓራዲድል ነው፤ እርሱም ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፤ ከዚያም ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ ይሆናል። በጆሮ ሲሰማ ስምንት እኩል ምቶች ብቻ ናቸው፤ በእጅ ሲሠራ ግን በየአራት ምቱ መሪው እጅ ይቀያየራልና፣ ድራመሩ እጁን ሳያቆላልፍ ከአንዱ ከበሮ ወደ ሌላው መሻገር የሚችለው በዚህ ዓይነት ስልት ነው። ዝርዝሩ ስንት መሆን አለበት በሚለው ላይ የሚደረገው ክርክር ብዙ የሚያስኬድ አይደለም፤ አርባውንም በቃሉ የሚያውቅ ግን አንዱንም ከዘፈን ጋር ማስኬድ የማይችል ተማሪ አይጠፋም።

ወደ መጻሕፍቱ ሲመጣ ግን ነገሩ ይጠልቃል። የቦስተኑ መምህር ጆርጅ ሎረንስ ስቶን በ1935 ያሳተመው «ስቲክ ኮንትሮል» የተባለ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ በድራም መምህራን መደርደሪያ ላይ የማይጠፋ ነው፤ ውስጡን ገልጦ ያየ ሰው ግን ይገረማል፣ ምናልባትም ይከፋዋል። የመጀመሪያው የልምምድ ገጽ ላይ 24 መልመጃዎች አሉ፤ ሁሉም እኩል ርዝመት ያላቸው ኖታዎች ሲሆኑ ከሥራቸው ቀኝና ግራን የሚያመለክቱ ፊደላት ብቻ ተጽፈዋል። ዜማ የለም፣ ዘፈን የለም፣ ሥዕል የለም። መጽሐፉ እያንዳንዱን መልመጃ 20 ጊዜ ሳያቋርጡ፣ ዘና ብሎ፣ በተለያየ ፍጥነት መደጋገምን ያዝዛል። የመጀመሪያው መልመጃ ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ እያለ ሲሄድ ሁለተኛው ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ይላል፤ ብቻውን የሚያጠና ተማሪ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ሁለተኛውን ቢዘልለው የሚፈረድበት አይደለም። መምህር ባለበት ክፍል ግን ሁለተኛው መልመጃ ከመጀመሪያው የከበደ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም የምቱ ራስ፣ ማለትም «አንድ» ተብሎ የሚቆጠረው ጠንካራ ቦታ፣ አሁን በደካማው እጅ ላይ ወድቋልና ድምፁ ይሳሳል፣ ጊዜውም ጥቂት ይዘገያል። ተማሪው ይህን ልዩነት አይሰማውም፤ መምህሩ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ የትኛው እጅ እንደመታ በጆሮው ብቻ ይናገራል። ግቡም መምህሩ መለየት እስኪያቅተው ድረስ ሁለቱን እጆች አንድ ማድረግ ነው። በመጽሐፉ ላይ ያልተጻፈው፣ ሊጻፍም የማይችለው ትምህርት ይህ ነው።

የስቶን ገጾች በመምህርና በተማሪ መካከል ምን ሊወልዱ እንደሚችሉ የሚያሳየው የጆ ሞሬሎ ታሪክ ነው። ሞሬሎ በ1928 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የተወለደ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የዓይኑ ብርሃን ደካማ የሆነ፣ መጀመሪያም ቫዮሊን የተማረ ሰው ነበር፤ በጉርምስናው ቫዮሊኑን ትቶ ወደ ድራም ዞረና ስቶን ዘንድ ለመማር በቃ። ከስቶን መጽሐፍ የተሰጡትን ተራ መልመጃዎች እንዳሉ መጫወት አልበቃውም፤ በራሱ ፈቃድ በአንዳንዶቹ ምቶች ላይ ጠንከር ያለ ድምፅ፣ አክሰንት የሚባለውን፣ እየጨመረ ይዞ ይቀርብ ነበር። ሌላ መምህር ቢሆን «እንደተጻፈው ተጫወት» ብሎ ሊቆጣ ይችል ነበር፤ ስቶን ግን የተማሪውን ጭማሪ አጥንቶ አዲስ መጽሐፍ አደረገው፤ «አክሰንትስ ኤንድ ሪባውንድስ» የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1961 ሲታተም መታሰቢያነቱ ለሞሬሎ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሞሬሎ ከፒያኒስቱ ዴቭ ብሩቤክ ቡድን ጋር ዓለምን የሚዞር ሰው ሆኖ ነበር፤ በ1959 የተቀረጸው «ቴክ ፋይቭ» በተባለው፣ በአንድ መስመር አምስት በሚቆጠርበት ሙዚቃ ላይ ያለው የድራም ጨዋታ የእርሱ ነው። ሞሬሎ ራሱም እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ አስተማረ። እዚህ ላይ የሚታየው፣ ጥሩ የግል መምህር መልመጃን የሚያወርድ ብቻ ሳይሆን ተማሪው በመልመጃው ላይ የሚያደርገውን የሚያዳምጥ ጭምር መሆኑን ነው።

ከስቶን ከተማ ከቦስተን ሳይወጣ፣ የድራም መጽሐፍ ባዶነት እንዴት ወደ ሀብት እንደሚለወጥ ከማንም በላይ ያሳየ መምህር አለ፤ እርሱም አለን ዳውሰን ነው። ዳውሰን ከ1957 ጀምሮ በበርክሊ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ቆይቶ በ1975 ገደማ ከዚያ ወጣ፤ ከዚያም በ1996 እስከሞተበት ዘመን ድረስ ከቦስተን ወጣ ባለችው በሌክሲንግተን በሚገኘው ቤቱ ተማሪዎችን አንድ በአንድ እየተቀበለ ያስተምር ነበር። ገና በልጅነቱ ከእርሱ የተማረው ቶኒ ዊልያምስ በ1963፣ በ17 ዓመቱ፣ በማይልስ ዴቪስ ቡድን ውስጥ ገብቶ የጃዝ ድራምን አቅጣጫ ቀየረ፤ ቴሪ ሊን ካሪንግተንና ስቲቭ ስሚዝም በዳውሰን እጅ ካለፉት መካከል ናቸው። ዳውሰን ዋና መሣሪያው ያደረገው ቴድ ሪድ የተባለ ሌላ መምህር በ1958 ያሳተመውን ቀጭን መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉን እዚህ «ሲንኮፔሽን» ብሎ መጥራት ይበቃል፤ ሲንኮፔሽን ማለትም ጠንካራው ድምፅ ከሚጠበቅበት ቦታ ወጥቶ በደካማው ቦታ ላይ ሲወድቅ የሚፈጠረው የምት ስልት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው በአንድ መስመር የተጻፈ ተራ የምት ዜማ ነው፤ ዳውሰን ግን ያንኑ መስመር ተማሪው በቀኝ እጁ የጃዙን ቋሚ ምት በሲምባል ላይ እያስኬደ በግራ እጁ እንዲያነብበው፣ ከዚያም ያንኑ መስመር በእግሩ እንዲያነብበው፣ ከዚያም ረጅሙን ኖታ በአንድ እጅ አጭሩን በሌላው እንዲከፋፍለው፣ ከዚያም በመስመሩ ውስጥ ያሉትን ክፍተቶች በሌላ እጅ በሦስት በሦስት ምት እንዲሞላ ያዝዘው ነበር። አንድ ገጽ በዚህ መንገድ በደርዘን የሚቆጠሩ ትምህርቶች ይወጡታል፤ ከእነዚህ ሁሉ አብዛኛው በመጽሐፉ ላይ አልተጻፈም።

ዳውሰን ከተማሪዎቹ የሚጠይቀው ሌላው ነገር ደግሞ ለብዙዎች እንግዳ ነበር፤ የሚጫወቱትን ዘፈን ዜማ ድምፃቸውን አውጥተው እየዘፈኑ ድራሙን እንዲመቱ ያደርጋቸው ነበር። ድራም ዜማ የሌለው መሣሪያ ስለሆነ ተማሪው በአራት እጅና እግር ሥራ ሲጠመድ የዘፈኑን ቅርጽ ይረሳል፤ ስንኙ የት እንደሚያልቅ፣ አዝማቹ የት እንደሚመለስ ይጠፋበትና የራሱን ልምምድ የሚያሳይ እንጂ ዘፈኑን የሚያጅብ አይሆንም። እየዘፈነ የሚመታ ሰው ግን መጥፋት አይችልም። ይህ መላ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት የቆየ እውነት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ውስጥ ከበሮ የሚገባው በአቋቋም ቤት ነው፤ አቋቋም ማለት የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር እንዴት እንደሚቀርብ የሚያስተምር የትምህርት ክፍል ሲሆን፣ ጎንደር በዚህ ትምህርት ስመ ጥር ናት። ደቀ መዝሙሩ ከበሮ ከመምታቱ በፊት ዜማውን በቃሉ ይዞ፣ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይቀጽላል፤ ዜማው ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት እያደገ ሲሄድ የከበሮው ምት ከዝግታ ወደ ፍጥነት የሚሸጋገረው ዜማውን ተከትሎ ነው። በሰፊው አፍና በጠባቡ አፍ መካከል የሚመላለሱት እጆች የሚያገለግሉት ቃሉን ነው፤ ቃሉን ያልያዘ ሰው ጉልበት ቢኖረውም ማኅሌት ላይ ከበሮ አይሰጠውም።

ሁለቱን ትውፊቶች ማነጻጸር ግን መጠንቀቅን ይጠይቃል። የአቋቋም ተማሪ ዓመታቱን የሚያሳልፈው ከጓደኞቹ ጋር ነው፤ የኔታን በሰዓት አይከፍላቸውም፤ የሚማረውም በመድረክ ለመታየት አይደለም። የቦስተኑ ተማሪ ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት ይመጣል፣ ከፍሎ ይወጣል። ይሁንና በሁለቱም ዘንድ እርማቱ የሚሰጠው ፊት ለፊት፣ ስሕተቱ በተሠራበት ቅጽበት ነው፤ ስሕተት ሳይታረም ከተደገመ ደግሞ ልማድ ይሆናል፣ ልማድን ማስጣል አዲስ ነገር ከማስተማር በእጅጉ ይከብዳል።

ልማድን ማስጣል እስከ ምን ድረስ እንደሚከብድ፣ ግን እንደሚቻልም የሚመሰክረው የካናዳዊው ኒል ፒርት ጉዳይ ነው። ፒርት በ1974 ራሽ የተባለውን የሮክ ቡድን ከተቀላቀለ በኋላ በዓለም ከሚደነቁ ድራመሮች አንዱ ሆኖ ለሃያ ዓመታት ያህል ቆየ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ከላይ የተጠቀሰው የስቲቭ ስሚዝ ጨዋታ እጅግ መለወጡን አይቶ ምክንያቱን ሲጠይቅ ፍሬዲ ግሩበር የተባለ መምህር መሆኑን ሰማና እርሱም ሄዶ ተማረ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከአርባ አልፎ ነበር። ግሩበር ትኩረቱን ያደረገው እንጨቱ ቆዳውን በሚነካበት ቅጽበት ላይ ሳይሆን በሁለት ምቶች መካከል በአየር ላይ በሚያልፈው እንቅስቃሴ ላይ ነው፤ ምቱ የእንቅስቃሴው ውጤት እንጂ ግቡ አይደለም የሚል ነበር አስተምህሮቱ። ፒርት ለዓመታት የያዘውን አያያዝ ትቶ፣ በማርሽ ዘመን ከበሮ በትከሻ ተንጠልጥሎ ወደ አንድ ጎን ያዘነብል በነበረበት ጊዜ የተፈጠረውን፣ ግራው እጅ መዳፉን ወደ ላይ አዙሮ እንጨቱን በአውራ ጣትና በጣቶቹ መካከል የሚይዝበትን ባህላዊ አያያዝ ተለማመደ፤ ቡድኑ በ1996 ያወጣውን አልበምም የቀረጸው በዚህ አዲስ ትምህርት ላይ ሆኖ ነው። አንዳንድ አድማጮች ለውጡን አልሰሙትም፤ ይህ ግን የትምህርቱን ዋጋ አይቀንሰውም፤ ድራመር ለራሱ እጅ የሚያደርገው ነገር ሁልጊዜ ለአድማጭ አይታይም።

ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የተለየ አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። ከላይ የተጠቀሱት መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት በአራት በሚቆጠር ምት ላይ ሲሆን፣ ችክችካ በመባል የሚታወቀው የሀገራችን ፈጣን ስልት ግን በስድስት ይቆጠራል፤ እነዚያም ስድስት ምቶች አንዳንዴ ሁለት የሦስት ቡድን፣ አንዳንዴ ሦስት የሁለት ቡድን ሆነው በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። በአራት ብቻ የሠለጠነ እጅ ይህን ሲሞክር ምቶቹን ይቆጥራቸዋል፣ ጠንካራውን ድምፅ ግን ያለቦታው ያሳርፋል፤ ሠርግ ቤት ያለ ጨዋታ አዋቂ ባለሙያ ባይሆንም ትከሻው እንቢ ሲለው ያውቀዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በቴል አቪቭ ተወልዶ በዚያው ከሚገኝ መምህር ድራም የሚማር ልጅ ይህ ስልት ከትምህርቱ ውጭ ሊቀርበት ይችላል፤ መምህሩም ካላወቀው ሊወቀስ አይገባም። የሚሻለው ተማሪው ወይም ወላጁ የሚወዱትን የሀገር ቤት ሙዚቃ ይዘው ቀርበው መምህሩን ማሰማት ነው፤ ብልህ መምህር ያልሰማውን ስልት ከተማሪው ጋር አብሮ ከመማር አይሸሽም፣ የሚሸሽም ከሆነ ስለ መምህርነቱ ብዙ ይናገራል።

መምህርን መምረጥ የሚቻለው በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ነው። ሰዓቱን ሙሉ ራሱ እየተጫወተ ተማሪውን ተመልካች የሚያደርግ ሰው ጥሩ ድራመር ሊሆን ይችላል፣ መምህር ግን አይደለም። ተማሪው ሲጫወት ስልኩን የሚያይ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ የሚሸጠው ዓይኑንና ጆሮውን ሆኖ ሳለ ሁለቱንም አልሰጠም። ጥሩ መምህር በአንድ ትምህርት አንድ ነገር ያርማል፤ አሥር ስሕተት ቢያይም ዘጠኙን በሆዱ ይዞ የሚቀጥለውን ሳምንት ይጠብቃል። የቤት ሥራውን አጭርና ግልጽ ያደርጋል፤ ሜትሮኖም የሚባለውን፣ በእኩል ጊዜ እየጮኸ ፍጥነትን የሚጠብቀውን መሣሪያ በስንት ፍጥነት እንደሚጀመርና ወዴት ሳይደርስ መቆም እንደሚገባም ይነግራል። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርትም የራሱ ጥቅም አለው፣ በተለይ መምህር በሌለበት ከተማ ለሚኖር ሰው፤ ነገር ግን ድምፁ በመስመሩ ሲሄድ ጥቂት ስለሚዘገይ መምህሩና ተማሪው በአንድነት መጫወት አይችሉም፣ አብሮ መጫወት ደግሞ የምት ትምህርት ዋነኛ አካል ነው። ተቀርጾ የሚታየው ቪዲዮ ከዚህም ያንሳል፤ ስሕተትን አይቶ የሚቆም ቪዲዮ እስካሁን አልተሠራምና።

በብዙዎች ዘንድ የሚዘነጋው የመምህሩ ግዴታ የጆሮ ጥበቃ ነው። ሙሉ ድራም በጠባብ ክፍል ሲመታ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ሲሆን፣ የአሜሪካ የሥራ ጤንነት ተቋም ለስምንት ሰዓት የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲቤል ነው፤ በዚያው ስሌት 100 ዴሲቤል የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። የጆሮ ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ከመጣም የማይመለስ ነው፤ ተማሪውን ያለ ጆሮ መከላከያ ከድራም ፊት የሚያስቀምጥ መምህር የሌላው ትምህርቱ ጥራት ምንም ያህል ቢሆን መተው አለበት። ጉዳዩ የጎረቤትም ነው፤ በኮንዶሚኒየም ግድግዳ አልፎ የሚሄድ ቤዝ ድራም ከጎረቤት ጋር ከሚያጣላ በቀር ለጀማሪው የሚጨምርለት ነገር የለም።

በዚህ ሁሉ መነሻነት ልጁ ድራም እንዲማር የሚፈልግ ወላጅ ወይም ራሱ ለመጀመር ያሰበ ጎልማሳ መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ሙሉ ድራም አይደለም። አንድ ፓድ፣ አንድ ጥንድ እንጨት፣ አንድ የጆሮ መከላከያ ይበቃዋል፤ ከዚያ የተረፈውን ገንዘብ ለመምህር ይክፈል፤ ሙሉውን ድራም ደግሞ መምህሩ ጊዜው ነው ሲል ይግዛ።